መቶ ሃያ ምን?

ጥፋቱ የኔ ነው። ለአንድ ሕንፃ መሠረት የሚያስፈልገውን ሲሚንቶ በኤክሴል አሰላሁና የመጨረሻው ሳጥን ላይ 120 ብዬ ላክሁ። እኔ ያሰብኩት ከረጢት ነው፤ ባለ 50 ኪሎውን። ንብረት ክፍሉ ግን ሲሚንቶ ዋጋው የሚጠራው በኩንታል ነውና 120 ኩንታል ብሎ አነበበው። በማግስቱ ሳይት ስደርስ 240 ከረጢት ሸራ ለብሶ የክረምቱን ዝናብ ይጠብቃል።

«ኢንጂነር፣ መቶ ሃያ ብለው አይደል የጻፉት?» አለኝ የንብረት ክፍሉ ሰው።

ብያለሁ። የምን መቶ ሃያ እንደሆነ ግን አላልኩም።

እናቴን እንዲህ ያለ ነገር አይሸውዳትም። ገበያ ወርዶ «ሦስት ስጪኝ» ብሎ ዝም የሚል ሰው የለም፤ ሦስት ጣሳ ነው፣ ሦስት ቁና ነው። ታዲያ ተማርን የምንለው ሰዎች ይህን ራቁቱን የሚሄድ ቁጥር ከየት አመጣነው?

ከፊዚክስ ሊቃውንቱ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። ፈረንሳዊው ፉሪዬ እ.ኤ.አ. በ1822 ስለ ሙቀት ባሳተመው መጽሐፍ፣ በአንድ ቀመር ውስጥ የሚደመሩ ነገሮች ሁሉ የመለኪያ ዓይነታቸው አንድ መሆን እንዳለበት ጽፏል። ስኮትላንዳዊው ማክስዌል ደግሞ በ1873 ማንኛውም መጠን የሁለት ነገሮች ብዜት ነው አለ፤ የቁጥሩና የመለኪያው። ልብሱን የገፈፈው ኮምፒውተሩ ነው። በ1957 የወጣው የፕሮግራም ቋንቋ ፎርትራን ቁጥሩ ሙሉ ነው ወይስ ነጥብ ያለው ብሎ ይጠይቃል እንጂ ኪሎ ይሁን ሜትር ደንታም አልነበረው።

ኤክሴልም ያው ነው። ሳጥኑ ውስጥ «12 ሜትር» ብላችሁ ከጻፋችሁ ይሄ ጽሑፍ ነው ብሎ ከድምሩ ያስቀረዋል፤ ያውም ሳይነግራችሁ። ከቁጥሩ ጎን «ሜትር» የሚል እንዲታይ ማድረግስ ይቻላል፤ ግን የፊት ቀለም ነው። ሜትሩን ከኪሎ ጋር ስትደምሩት ቅር አይለውም።

ቁጥሩን መልሰው ካለበሱት ቀደምት ፕሮግራሞች አንዱ አለን ራዝዳው የጀመረው ማትካድ ነው፤ 1986። ዘዴው ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ ርዝመት ስንት ጊዜ፣ መጠነ ቁስ ስንት ጊዜ፣ ጊዜ ስንት ጊዜ እንደተባዛ የሚናገር ትንሽ ዝርዝር ይቀመጣል። ስታባዙ ርቢዎቹ ይደመራሉ፣ ስታካፍሉ ይቀነሳሉ። መደመር ስትፈልጉ ግን ሁለቱ ዝርዝሮች አንድ ካልሆኑ አሻፈረኝ ይላል። (ብሎን የሚያጠብቀው ኒውተን ሜትርና የኃይሉ ጁል ዝርዝራቸው አንድ ስለሆነ እነሱን አይለይም። ይቅር ብየዋለሁ።)

ይህ ሁሉ እያለ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 የናሳ መንኮራኩር ማርስ ደጃፍ ላይ ጠፋች። ምድር ላይ ያለው አንዱ ፕሮግራም ግፊቱን በፓውንድ ሴኮንድ ሲጽፍ፣ ተቀባዩ በኒውተን ሴኮንድ አነበበው። ልዩነቱ 4.45 እጥፍ ነው። የኔ ሁለት እጥፍ ብቻ ነበር፤ ይህን ለአለቃዬ ብነግረውም አልተጽናናም።

መለኪያ የሚያውቁትን ፕሮግራሞች ከሁሉ ያስቸገራቸው ግን የሙቀት መጠን ነው። ፈረንጆቹ ለማስረዳት ብዙ ገጽ ይፈጃሉ፤ እኛ በሰዓታችን እናውቀዋለን። «በሦስት ሰዓት ና» ብዬ ፈረንጅ ብቀጥር ለእሱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ስድስት ይጨምራል። «ሦስት ሰዓት ጠበቅሁህ» ስለው ግን ለእሱም ሦስት ነው። ቃሉ አንድ፣ ነገሩ ሁለት። ዲግሪም እንዲሁ ነው፤ የአየሩ 20 ሴልሺየስ 68 ፋራናይት ሲሆን፣ «በ20 ዲግሪ ጨመረ» ሲባል ግን 36 ነው። ስለዚህ በፓይተን ቋንቋ የሚሠራው ፓይንት የተባለው ፕሮግራም ለልዩነቱ ደልታ የሚል ቅድመ ቅጥያ ያለው የተለየ መለኪያ ሰጥቶ፣ 20 ሴልሺየስ ላይ 10 ሴልሺየስ ደምርልኝ ስትሉት አልደምርም ይላል። እውነቱን ነው። የጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲደመር የጠዋቱ አራት ሰዓት ስንት ይሆናል?

ማትካድ የራስን መለኪያ ማስገባት ስለሚፈቅድ፣ አሁን የሰነዴ የመጀመሪያ መስመር ከረጢት ማለት 50 ኪሎ ግራም ነው ይላል። ከተረፈው ሲሚንቶ 31 ከረጢት እርጥበት ገብቶት ድንጋይ ሆነ። የ31ዱ ዋጋ ከደመወዜ ተቆረጠ፤ በከረጢት ሳይሆን በብር።