እምቦጩን ነቅለን የት እንጣለው?

ከአቃቂ ተነስተን ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ በእግር ወረድን። አምስት አስተማሪዎች ነበርን። ሐይቁ ለኤሌክትሪክ ኃይል ተብሎ የተገደበ ነው። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን እጣቢና የፋብሪካ ፍሳሽ ይዘው የሚገናኙት እዚህ ነው።

ከሩቅ ስናየው ውኃ አልመሰለንም። ለምለም የግጦሽ መስክ መሰለን። ቀረብ ስንል እምቦጭ ነው! ቅጠሉ ወፍራም፣ አበባው ሐምራዊ ነው። ሥሩ እንደ ጥቁር ጺም ውኃው ውስጥ ተንጠልጥሏል።

የእምቦጭ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። እኛ አገር በቆቃ ከታየ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። በጣና የታየው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ያህል እጥፍ ይሆናል። ዘሩም በጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ይቆያል።

ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ሆነን ከጧት እስከ ቀትር ነቀልን። ነቅለን ውኃው ዳር ከመርነው። ደስ ብሎን ተመለስን።

በሳምንቱ ስንመጣ ዝናብ ጥሎ ነበር። ግማሹን ጎርፍ ወደ ሐይቁ መልሶታል፤ እንደገና አቆጥቁጧል። ግማሹ በስብሶ ጥቁር ፍሳሹ ወደ ውኃው ይወርዳል። አፈርን።

አንዲት እናት ክምሩን እያዩ፣ «ልጆቼ፣ ለጎመኔ ፍግ አይሆነኝም? ካልሆነም ላሚቱ ትብላው» አሉን።

«አይሆንም እማማ» አልናቸው። ምክንያቱ ይህ ነው። እምቦጭ ውኃ ያጠራል። ከፋብሪካ የሚወጡትን እንደ እርሳስና ክሮሚየም ያሉ ብረቶች በሥሩ ይስባል። እርሳስ ስንል የምንጽፍበትን አይደለም፤ መርዛም የሆነውን ከባድ ብረት ነው። በዚህ ጠባዩ የተነሳ በአንዳንድ አገር ሆን ተብሎ በፍሳሽ ኩሬ ውስጥ ይተከላል። ነገር ግን እምቦጭ ብረቱን ተሸከመው እንጂ አላጠፋውም። ቅጠል ይበሰብሳል፣ ብረት አይበሰብስም። ላሟ ብትበላው ወደ ላሟ፣ ፍግ ቢሆን ወደ አፈሩና ወደ ጎመኑ ይሄዳል። ቢቃጠልም አመዱ ውስጥ ይቀራል።

እማማ ጥቂት ዝም አሉና፣ «ጎመኔንስ የማጠጣው ከዚሁ ውኃ አይደል?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። መልስ አጣን። እምቦጭ መንቀል ብቻ አይበቃም። ፋብሪካው ፍሳሹን ሳያጣራ ወደ ወንዝ መልቀቅ የለበትም። ይህን መጠየቅ የሁላችን ነው።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን እንሥራ።

1. እምቦጩን ዘር ሳያፈራ እንንቀል። ሥሩንና ቁራጩን ውኃ ውስጥ አንተው።

2. ጎርፍ ከማይደርስበት ቦታ ወስደን እናስጣው። ከ100 ኪሎ እርጥብ እምቦጭ ከ90 ኪሎ በላይ የሚሆነው ውኃ ነው። ሲደርቅ ሸክሙ ይቀላል።

3. ከቆሸሸ ውኃ የወጣውን ለከብት፣ ለፍግና ለማገዶ አናድርገው።

4. የደረቀውን ከወንዝ፣ ከመጠጥ ውኃና ከአትክልት ቦታ ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ እንቅበረው። ቦታውን የግብርና ባለሙያ ይምረጥልን።

5. ስንጨርስ እጃችንን በንጹህ ውኃና በሳሙና እንታጠብ።

በዚያው ቀን ከእማማና ከጎረቤቶቻቸው ጋር የቀረውን ክምር ተሸክመን ወደ ከፍታው አወጣን። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። እኛ ግን ቅጠሉንም የት እንደምንጥለው ማወቅ እንዳለብን ተማርን።