ያድግበታል

ለልጅ ልብስ ሲገዛ ከሚነገሩት ቃላት ሁሉ እንደ «ያድግበታል» የሚያስደንቀኝ የለም። ነጋዴው እጅጌው ከጣት አልፎ የተንጠለጠለውን ሹራብ ለልጁ ያጠልቅለትና ወደ እናቲቱ ዞር ብሎ «ያድግበታል» ይላል። እናቲቱም በዋጋው ትከራከር ይሆናል እንጂ በቃሉ አትከራከርም። ወዳጄ ሆይ፣ አንተም ብትሆን አንቺም ብትሆኚ በዚህ ቃል ውስጥ ነው ያደጋችሁት። የመስከረም ጫማችን አፍንጫው በጨርቅ ተጠቅጥቆ ነበር የሚጀመረው፤ ሱሪያችን ከወገብ በሲባጎ ተጠፍሮ፣ ከታች ሁለት ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ ነበር የሚለበሰው። ልክ በሆነን ዓመት ደግሞ ወይ ያልቃል፣ ወይ ለታናሽ ይተላለፋል።

ይህ ቃል ከእጥረት የተወለደ ብልሃት መሆኑ እውነት ነው። ግን በዚያ ብቻ አያበቃም። ልጁ ከርሞም እንደሚኖር፣ አጥንቱ እንደሚረዝም፣ ዛሬ የዋጠው ሹራብ ነገ እንደሚጠበው የሚናገር ግስ ነው። ሰዋስው ከለበሰ ምርቃት የሚለየው፣ ገበያ መሐል መነገሩ ብቻ ነው።

እኔ ቀን ቀን ቆቦ ከተማ በአንድ ባንክ እሠራለሁ። የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ፊርማ ከፊርማ አመሳክራለሁ፤ የቀኑን ሂሳብ ዘግቼ እወጣለሁ። ከዚያ በኋላ፣ የቆላው ሙቀት በረድ ሲልና ከዞብል ተራሮች ላይ ብርሃኑ ሲሸሽ፣ በራችን ላይ ተቀምጬ ወይ ግጥም እጽፋለሁ፣ ወይ የልጅ ልብስ በእጄ እሰፋለሁ። ከሁለቱም ሰባራ ሳንቲም አላገኘሁም። ሁለቱንም ግን አንዱ ለሌላው እንደሚያስተምር አድርጌ እይዛቸዋለሁ፤ ግጥምም ስፌትም መለካት፣ መቁረጥ፣ ያልተስተካከለውን መተርተር ነውና።

ቋንቋችንም ለዚህ ሥራ ቸር ነው። «ስፌት» ስንል ሰፌዱንም፣ መሶቡንም፣ ቀሚሱንም በአንድ እናት ሥር እናስቀምጣለን። «ጠለፈ» ደግሞ ባለሁለት ፊት ነው፤ በአንዱ ፊቱ ክርን በጨርቅ ላይ ያብባል፣ በሌላው ፊቱ ልጅን ከመንገድ ይነጥቃል። አንድ ግስ ማስጌጥንም መንጠቅንም እንዴት እንደቻለ ሳስብ ብዙ ማታ መርፌዬን ይዤ ቆሜያለሁ።

የእጅ ሥራውን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ያስተማረችኝም ከጥልፍ አልጀመረችም፤ ከእጥፋት ነው። «አንገቱ ላይ ያለውን ሰው ያየዋል፤ ልጅቱን የሚያሳድጋት ግን ታች ያለው ነው» ትለኛለች። አሠራሩ እንዲህ ነው። ፈትሉ ሳይቆረጥ በፊት ይታጠባል፤ አዲስ ጥጥ ውኃ ሲነካው ይሰበሰባልና። ቀሚሱ ከሚያስፈልገው ቁመት አስረዝመው ይቆርጡታል። ከዚያ ከጠርዙ ከፍ ብሎ ዙሪያውን ሦስት እጥፋት ይያዛል። እያንዳንዱ እጥፋት ሁለት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው፣ ሲፈታ አራት ሳንቲ ሜትር ይለቃል። ሦስቱ ሲፈቱ አሥራ ሁለት ይሆናል። አምስት ዓመት ያለፈው ልጅ በዓመት አምስት ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ይህ ዕድገት ሁሉ ደግሞ ወደ ቀሚስ አይሄድም፤ ስለዚህ ሦስት እጥፋት ሦስት ዓመት፣ ሲበዛም አራት ያኖራል። ብብቱ ሥር አራት ማዕዘን ቁራጭ ይገባል፤ ክንድ ሲወፍር እንዳይዝ። ደረቱ ላይ ጨርቁ ይሸነሸናል፤ ሽንሽኑም በላዩ በጥልፍ ይያዛል፤ ልጅቱ ስትተነፍስ እየተለጠጠ፣ ስታድግ እየሰፋ እንዲሄድ።

የባንክ ሰው ነኝና ይህን ነገር ከቁጠባ ለይቼ ማየት አልችልም። እናቴ ደብተር ከፍታ ገንዘብ አላስቀመጠችም፤ ነገር ግን በየቀሚሳችን ጠርዝ ላይ ዓመታት አስቀምጣልናለች። ወጪ ለማድረግ ፊርማ አያስፈልገውም፤ ምላጭና ትዕግሥት ይበቃል።

ሽንሽንን በጥልፍ መያዝ የእኛ ብቻ አይደለም። በ18ኛውና በ19ኛው ምዕተ ዓመት የእንግሊዝ ገበሬዎችና እረኞች የሚለብሱት ሰፊ የሥራ ልብስ ደረቱና እጅጌው እንዲሁ ተሸንሽኖ የተጠለፈ ነበር። ላስቲክ በልብስ ውስጥ ባልተለመደበት ዘመን፣ ለሚያጭድና ለሚያርስ ሰው የሚለጠጥ ልብስ ማግኛው መንገድ ይኸው ነበር። ጨርቅ ይበላል፤ ሽንሽኑ ያለቀበት ስፋት አንድ ክንድ እንዲሆን ሦስት ክንድ ያህል ያስፈልጋል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ግን ገበሬው ልብሱን እየተወው ሲሄድ፣ የከተማ ሰዎች ያንኑ ስፌት ለልጆቻቸው አደረጉት። እስከ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ለልጅ ልብስ በእጅ የሚሸነሽኑ አሉ። የአራሽ ልብስ የሕፃን ልብስ ሆኖ መቅረቱ አያስገርምም፤ ሁለቱም ሰውነታቸው የማያርፍ ነው።

«መኪና እያለ ለምን በእጅ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ሲንጀር መኪናውን በ1851 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ካስመዘገበ ወዲህ ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በገበያችንም ጥለት የታተመባቸው የውጭ ጨርቆች ሞልተዋል፤ ከሩቅ ሲያዩአቸው ጥበብ ይመስላሉ፤ ርካሽም ናቸው። ማንንም አልወቅስም፤ አራት ልጅ ያላት እናት በአንድ ቀሚስ አራት ወር መቀመጥ አትችልም። የእኔ መልስ ግን አንድ ነው። መኪና ሁለት ክር ከላይና ከታች እያቆላለፈ ይሰፋል፤ ስፌቱ እንዳይፈታ ነው የተሠራው። የእጅ ስፌት አንድ ክር ነው፤ ጫፉን አግኝተህ ብትስበው ጨርቁን ሳያቆስል ተከትሎህ ይመጣል። ሊፈታ ለታቀደ ነገር እጅ ይሻላል። የልጅ ልብስ ደግሞ ከመጀመሪያው ለመፈታት የታቀደ ነው።

አሁን ወደ አንድ ቀሚስ ልምጣ።

በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ፣ የልጃገረዶች ጨዋታ አለ። ዋግ ላይ ሻደይ፣ ላስታ ላይ አሸንድዬ ይሉታል፤ በእኛ በራያ ቆቦ ሶለል ነው። ሴት ልጅ ለሶለል የምትለብሰው ቀሚስ ዓመቱን ሙሉ ይታሰብበታል። በ2013 ዓ.ም. ሰኔ የወንድሜ ልጅ አምስት ዓመት ሞልቷት ነበርና፣ የመጀመሪያዋን የሶለል ቀሚስ እኔ ልሰፋላት ቃል ገባሁ። ጨርቁን አጠብሁ፤ ሦስቱን እጥፋት ያዝሁ፤ ደረቱን ሸንሽኜ አንገቱን በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ክር መጥለፍ ጀመርሁ። ጎረቤታችን እትዬም ለልጃቸው ለኢድ የሚሆን ጠይቀውኝ ስለነበር፣ በዚያኛው ላይ መስቀሉን ትቼ አበባ ጠልፌ ነበር። ሁለቱ ቀሚሶች ከአንድ ጣቃ የተቆረጡ እኅትማማች ነበሩ።

ሐምሌ ላይ ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ። ብዙ ሰው እንደሄደው እኛም ወደ ደሴ ሄድን። በእጃችን ከያዝነው ጥቂት ነገር መካከል ያልተጨረሰው ቀሚስ ነበረ፤ መርፌው እንኳ ከአንገቱ ላይ አልተነቀለም ነበር። ነሐሴ 16 ቀን በተጠጋንበት ቤት ተቀምጬ ጠለፍሁ፤ ከበሮ አልተሰማም። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቀርብ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ወረድን። ታኅሣሥ ላይ ቆቦ ነጻ ሆነች፤ ጥር ላይ ተመለስን። ቀሚሱ ያለቀው በራሳችን በር ላይ ነው።

በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ ልጅቱ ስድስት ዓመት ሲሆናት፣ የመጀመሪያውን እጥፋት ፈታሁላት። ነሐሴ 21፣ በማርያም ዕለት፣ ትለብሰዋለች ብለን በነጠላ ጠቅልለን አስቀመጥነው። ነሐሴ 18 ቀን ውጊያው በአካባቢያችን ዳግም ተቀሰቀሰ። የመንግሥት ጦር ከቆቦ መውጣቱ የተነገረው ነሐሴ 21 ቀን ነው። እኛ በዚያ ዕለት ወልድያ ነበርን፤ ቀሚሱም እንደተጠቀለለ ከእኛ ጋር ነበር። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ፤ በኅዳር ወደ ቤታችን ገባን።

በ2015 ነሐሴም ክልላችን ሰላም አልነበረም፤ ሐምሌ መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። ልጅቱ ሰባት ዓመቷ ነው። ሦስተኛ ዓመት እንዲሁ እንዲያልፍ እናቴ አልፈቀደችም። «አደባባይ ካልተገኘ ግቢ አለ» አለች። የጎረቤት ሴት ልጆች ተጠሩ፤ የእትዬ ልጅም መጣች። ሁለተኛውን እጥፋት ፈትቼ ቀሚሱን አለበስኋት።

ልክ ሆነ። ከደረቷ አልጠበባትም፤ ቁመቱም ቁርጭምጭሚቷ ላይ ዐረፈ። ነገር ግን እጥፋቶቹ በነበሩበት ቦታ ሁለት መስመሮች ዙሪያውን ቀርተዋል። በመስመሮቹ መካከል ያለው ጨርቅ መንገድና አቧራ ስላላየው ከሌላው ይነጣል፤ የመርፌው ቀዳዳም ተሰልፎ ይታያል። ቀሚሱ አንድ ቀን ሳይለበስ ያረጀ መሰለ።

እናቴ ዓይኗ ክር ማስገባት ቢያቅተውም ይህን አላለፈችውም። «በጥልፍ ይሸፈን» አለች። «በመስመሩ ላይ ሐረግ አስኪጂበት። ሰው ሲያይ የተቀጠለ ይመስለዋል።» ያለችው የባለሙያ ቃል ነው፤ የተፈታ እጥፋትን በጥልፍ መሸፈን ያለ ነው፤ ቀሚስም ያሳምራል። ክሩን መርጬ ጎንበስ ስል ግን ልጅቱ ቁልቁል አየችና ጣቷን በመስመሩ ላይ አስኬደች።

«ይኼኛው ስንት ዓመቴ ነው?» አለችኝ።

«ስድስት» አልኋት።

«ይኼኛውስ?»

«ሰባት። አሁን ያለሽበት።»

«ያልተፈታው ስምንት ነው ማለት ነው» አለችና ሄደች። በግቢው ውስጥ ከበሮ ተይዞ ነበር።

ክሩን ወደ ሣጥኑ መለስሁት። እናቴም ልጅቱን እያየች ነበርና ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ያን ማታ ስለ ጠለፋ ሁለት ፊት ደግሜ አሰብሁ። ሁለት ሶለል ከዚህች ልጅ ላይ ተጠልፈዋል፤ ማንም አይመልሳቸውም። በላያቸው ላይ ሐረግ ብጠልፍበት ቀሚሱ ያምር ነበር፤ እርሷ ግን ስታድግ አምስት ዓመት ከሆናት ወዲህ በየዓመቱ የለበሰችው ይመስላት ነበር። መስመሮቹ የሚሉት ሌላ ነው። በእነዚያ ዓመታት አልለበሰችም፤ ሆኖም በእነዚያ ዓመታት አድጋለች። ጨርቁ የሚመሰክረው ሁለቱንም ነው፤ አንዱን ብቻ መስማት አልወደድሁም። በግጥም ደብተሬ ላይ ይህችን ብቻ ጻፍሁ፦

ነገን አጥፌበት፣ ሰፋሁት ቀሚሷን፤
ልጄ ስታድግበት፣ እንድታገኝ ዕድሜዋን።

ሦስተኛው እጥፋት በቀጣዩ ዓመት ተፈታ። አሁን ቀሚሱ ለታናሽ እኅቷ ሊሆን ነው። ትንሿ አምስት ዓመቷ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም እጥፋቶች እንደገና መያዝ አለባቸው። ባለፈው ሳምንት ጨርቁን አጥቤ ጭኔ ላይ ስዘረጋው መለኪያ አላስፈለገኝም። ድሮ የታጠፈበት መስመር በራሱ ይታጠፋል፤ መርፌዋም የቀድሞውን ቀዳዳ እየፈለገች ትገባለች። ሁለቱን ጨርሻለሁ፤ አንዱ ይቀረኛል።