ደጎሎ ላይ የተማርነው

እኔና ባለቤቴ ወደ ደጎሎ የተጓዝነው ከዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ ማልደን ተነሳን። ሙከጡሪ ላይ የጎጃምን መንገድ ትተን ወደ ቀኝ ታጠፍንና በለሚ በኩል ወደ ጀማ ሸለቆ ወረድን። ሽቅብ ዓለም ከተማ፣ ቁልቁል ደግሞ ወንጪት። ዳገቱን ስንጨርስ የጀማ ወረዳ ሜዳ ተዘረጋልን፤ ጥቁር መሬት፣ ስንዴና ጤፍ፣ ፊት የሚቆርጥ ብርድ። የወረዳው ዋና ከተማ ደጎሎ ነው።

የሄድነው አንድ አማኝ ባልና ሚስት ልንጠይቅ ነበር። ሴት ልጃቸው የሚጥል በሽታ አለባት።

በወሎ ሰው ሲታመም ጎረቤት ዝም ብሎ አያይም። አንዱ ጠበል ያመጣል፣ ሌላው ቡና አስፈልቶ ዱዓ ያደርጋል፤ ሁሉም «አብሽሩ» ይላል። እኛ ከተማ ተቀምጠን «የፈውስ ስጦታ ከሐዋርያት ጋር አልፏል ወይስ አለ?» እያልን እንከራከራለን። እዚያ ግን ፈውስ ከላይ እንደሚመጣ የሚጠራጠር ሰው አልገጠመንም። የሚጠየቀው «በማን ስም?» ተብሎ ነው።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ምሁር ቤንጃሚን ዋርፊልድ በ1918 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ተአምራት የሐዋርያት ምልክት ስለ ነበሩ አብረው አልፈዋል ብሏል። የሂፖው አውግስጢኖስ ግን ቀድሞ ወደዚሁ ሐሳብ ያዘነበለ ቢሆንም፣ በስተርጅናው በጻፈው «የእግዚአብሔር ከተማ» 22ኛ መጽሐፍ በዘመኑ የተደረጉ ፈውሶችን መዝግቧል። በአገራችንም የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን በ1959 ዓ.ም. ስትመሠረት የወጣቶቹ እምነት ጌታ ዛሬም ይፈውሳል የሚል ነበር። እኛም እንደዚያው እናምናለን።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ አባትየው የልቡን አወጣ። በአንድ የፈውስ ጉባኤ ላይ ሰባኪው «ኪኒን የሚውጥ አላመነም» ሲል ሰምቶ፣ ቤት እንደ ተመለሰ የልጁን ፊኖባርቢታል ጣለ። ይህ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ይብስበታል። ልጅቷ ምድጃው ላይ ወደቀች። እጇ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየንና «እምነቴ አንሶ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ።

አንገቴን ደፋሁ። እንዲህ ያለው ስብከት ሲሰበክ «አሜን» ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ባለቤቴ መጽሐፍ ቅዱሷን አውጥታ ማርቆስ 9ን አነበበችላቸው። እዚያም በሽታው እሳት ውስጥ የሚጥለው ልጅ አለ። አባቱ ማመኑንም አለማመኑንም ባንድ አፍ ተናገረ፤ ጌታ ግን አላባረረውም፣ ልጁን ፈወሰለት። ደግሞም ጳውሎስ ጥሮፊሞስን ታሞ ሳለ በሚሊጢን ተወው (2ጢሞ. 4፥20)፤ እምነት የለህም ብሎ ግን አልከሰሰውም። ለጢሞቴዎስም ስለ ሆዱ ጥቂት ወይን መከረው (1ጢሞ. 5፥23)። በእጁ ብዙ ፈውስ የተደረገ ሐዋርያ ነው ይህን ያደረገው።

ወገኖቼ፣ ይህ ስሕተት የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላም ድነናል ብለው ያቋረጡ ነበሩ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። ምክሩ ለእኛም ይሆናል። ያዕቆብ ሽማግሌዎች ዘይት ቀብተው ለታመመው እንዲጸልዩ አዘዘ (ያዕ. 5፥14)፤ መድኃኒቱን ይጣሉ አላለም። እውነተኛ ፈውስ ምርመራ አይፈራም፤ ጌታ የነጻውን ለምጻም እንኳ ሄዶ ለካህን እንዲታይ ልኮታል (ማር. 1፥44)።

ልጅቷ ወደ ጤና ጣቢያ ተመልሳ መድኃኒቷን ጀምራ ነበር። መውደቁ ቀንሷል፣ ጨርሶ ግን አልተወም። ለመሰናበት ስንነሳ ባለቤቴ እናትየውን «አሁንስ ትጸልያላችሁ?» አለቻት።

«እንዴታ እህቴ! ማታ ማታ ኪኒኑን አውጣታለሁ፤ አባቷ እጁን ጭኖ ይጸልይላታል። ጌታ በፈቀደው ይማርልን» አለች።

ሁላችንም በልጅቷ ላይ እጃችንን ጭነን ጸለይን። በዚያ ቀን ያልኩት «አሜን» ከቀድሞው ይለያል።