ዋስ የሌላቸው ብድሮች፦ ውድ የመረጃ ቋትን በነጻ ስንተካ ያልቆጠርሁት ወጪ

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የመረጥሁት ሥራ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስል ነበር። የአንድን የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የመረጃ ቋት ከውድ ሥርዓት አውጥቶ አቅምን ወዳገናዘበ አማራጭ ማዛወር ነው። ማኅበሩ የአባላቱን ቁጠባ፣ ብድርና ዋስትና የሚመዘግበው በኦራክል ነበር። ሥርዓቱን የተከለው ባለሙያ ከሄደ ቆይቷል፤ የፈቃድ ሰነዱን ብጠይቅም አየሁት የሚል ሰው አልተገኘም።

የፈቃዱን ዋጋ ማስላት የመጀመሪያ ሥራዬ ሆነ። የኦራክል ኢንተርፕራይዝ እትም የዝርዝር ዋጋ ለአንድ ፕሮሰሰር 47,500 የአሜሪካ ዶላር ነው። በተለመዱት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ሁለት ኮር እንደ አንድ ስለሚቆጠር፣ የማኅበሩ ባለ 8 ኮር ሰርቨር 190,000 ዶላር ይጠይቃል። ለድጋፍና ለማሻሻያ በየዓመቱ 22 በመቶ ይታከልበታል። እርግጥ ነው፣ በዝርዝር ዋጋ ላይ መደራደር ይቻላል፤ አነስ ያለ ስታንዳርድ እትምም አለ። ሆኖም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ፣ በብር የሚቆጥቡ መምህራንና ነጋዴዎች በዶላር የሚታደስ ግዴታ ተሸከሙ ማለት አልሆነልኝም። ነጻው ኤክስፕረስ እትም ደግሞ በ12 ጊጋባይት መረጃ የሚገታ ሲሆን የደኅንነት ማስተካከያ አይወጣለትም። የሰው ገንዘብ በሚመዘገብበት ቦታ ይህን ለመምከር አልደፈርሁም።

የመረጥሁት ፖስትግሬስኪውኤልን ነው። መነሻው በ1986 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ፣ በማይክል ስቶንብሬከር መሪነት የተጀመረ የምርምር ሥራ ነው። ይበልጥ ያሳመነኝ ግን የአንድ ኩባንያ ንብረት አለመሆኑና የውስጥ ፕሮግራሞች የሚጻፉበት ቋንቋ ከኦራክሉ ጋር መቀራረቡ ነበር። በጥናት ዕቅዴ ላይ «የፈቃድ ወጪ» ከሚለው ፊት ለፊት ዜሮ ጻፍሁ። አማካሪዬም የሥራ አመራር ኮሚቴውም ያቺን ዜሮ ወደዷት።

ዝውውሩ በሁለት ቅዳሜና እሑድ ተጠናቀቀ። የእያንዳንዱን አባል የቁጠባ ሚዛን በአሮጌውና በአዲሱ ቋት አስተያየሁ፤ እስከ ሳንቲሙ ገጠመ። በሦስተኛው ሳምንት የብድር ክፍል ኃላፊዋ አስጠሩኝ። በማኅበሩ ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩ፣ ኮምፒውተሩን ከእጅ መዝገባቸው ጋር ሳያመሳክሩ የማያምኑ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ ይህ ሰው ዋስ የለውም። ያንተ መዝገብ ግን አሳልፎታል» አሉኝ።

አላመንኋቸውም። የዋስ ስም የሚጻፍበት መስክ ባዶ መተው እንዳይቻል የሚከለክለው ደንብ ከአሮጌው ቋት ሳይጓደል ተሻግሯል። ቅጹን ራሴ ሞልቼ የዋሱን ቦታ ባዶ ስተወው ግን ብድሩ ተመዘገበ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኦራክል ምንም ፊደል የሌለበትን ጽሑፍ «ነል»፣ ማለትም ዋጋ ያልተሰጠው አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ባዶ የተተወ መስክ «ነል አይፈቀድም» ከሚለው ደንብ ጋር ይጋጭና ይመለሳል። ፖስትግሬስኪውኤል ሁለቱን ይለያቸዋል፤ ባዶ ጽሑፍም ለእርሱ ጽሑፍ ነውና ያሳልፈዋል። ደረጃውን የተከተለው እርሱ ነው፤ ማኅበሩ ግን ለዓመታት የተጠበቀው በሌላው ልማድ ነበር። ዋሱ በአባልነት ቁጥር ሳይሆን በስም ብቻ መመዝገቡም የቀድሞው ንድፍ ጉድለት ነው፤ እኔም አይቼ አልፌዋለሁ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት አሥራ አንድ ብድሮች ያለ ዋስ ወጥተዋል።

ያን ቀን ማታ ሌላም አገኘሁ። በኦራክል ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ሲያያዙ ከሦስቱ አንዱ ነል ቢሆን የቀሩት ይጻፋሉ። በፖስትግሬስኪውኤል በተለመደው የማያያዣ ምልክት ከተሠራ ውጤቱ በሙሉ ነል ይሆናል። የአያት ስም ያላስመዘገቡ አባላት በታተመው ዝርዝር ላይ ቁጥራቸው ብቻ ቀርቶ ነበር። ስማቸው ከቋቱ አልጠፋም፤ ለጠባቂ ሰው ግን ልዩነቱን ማስረዳት ቀላል አይደለም።

ማስተካከያው ራሱ ብዙ አልፈጀም። ባዶ ጽሑፍንም የሚከለክል ደንብ ጨመርሁ፤ ስም የሚያያይዙትን ትእዛዞች አንድ በአንድ አረምሁ። የፈጀው ሌላ ሊኖር ይችላል የሚለው ጥርጣሬ ነው። ዘጠና አራቱን የውስጥ ፕሮግራሞች ከብድር ኃላፊዋ ጋር ተቀምጠን በእውነተኛ ጉዳይ ፈተንናቸው፤ ሰባት ሳምንት ወሰደ። መጠባበቂያ ቅጂውንም በሌላ ማሽን ላይ መልሰን አስነሣነው፤ ይህ በአሮጌው ሥርዓት ተሞክሮ አያውቅም ነበር።

በኮሚቴው ስብሰባ የወጪ ሰንጠረዡን አሻሽዬ ሳቀርብ ሰብሳቢው «ነጻ ነው ብለኸን አልነበረም ወይ?» አሉ። የፈቃዱ ዜሮ እንዳለ ነው፤ ከሥሩ ግን የፍተሻ ሳምንታት፣ የሁለት ሠራተኞች ሥልጠናና በየሩብ ዓመቱ የመጠባበቂያ ሙከራ ገብተዋል። ድምሩ ከአንድ ዓመት የኦራክል ድጋፍ ክፍያ እጅግ ያንሳል፤ የሚከፈለውም በብር ነው። ምርጫዬን ዛሬም አልቀይረውም፤ በመጀመሪያው ቀን ይዤ መቅረብ የነበረብኝ ግን ይህን ሰንጠረዥ ነበር።

ለአሥራ አንዱ ተበዳሪዎች ደብዳቤ ተጻፈ። ዘጠኙ ዋሳቸውን ይዘው መጡ። ሁለቱ ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ቀን ድረስ አልመጡም።