ለደከመ እግር

ድሬዳዋ ላይ ሩጫ የሚወድ ሰው ከአዛን ጋር መነሣት አለበት። ከዚያ ያረፈደ ፀሐይዋን ይጠይቅ። እኔ ከመጋላ ወጥቼ፣ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ተሻግሬ፣ በከዚራ ዛፎች ሥር አልፌ ሳቢያን ደርሼ እመለሳለሁ። በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ባዩኝ ቁጥር «አቦ፣ ቀስ በል! ባቡሩ እኮ ድሮ ነው የሄደው!» ይሉኛል። ስመለስ ድልድዩን ትቼ በደረቀው የደቻቱ አሸዋ ላይ እወርዳለሁ። አሸዋ ለጉልበት ደግ ነው፤ ለባት ግን ምሕረት የለውም። በረገጡት ቁጥር ተረከዝ ይሰምጣል፣ ጅማቱ ይለጠጣል፣ ሕመሙ ግን የዚያኑ ዕለት አይመጣም። ነገና ከነገ ወዲያ፣ ደረጃ ስወርድ ነው ሒሳቡን የሚጠይቀኝ።

ይህን ሕመሜን በስልክ የሰማው የአክስቴ ልጅ ከሚኒሶታ ሲመጣ ለእናቱ ሽቶና ቫይታሚን፣ ለእኔ ደግሞ የእግር ዕቃ ይዞ መጣ። እሱም እዚያ ሯጭ ሆኗል፤ ክረምት ከበጋ ይሮጣል። ሻንጣው ሲከፈት ባትን ጨምቆ የሚይዝ እስከ ጉልበት የሚደርስ ካልሲ፣ መሬት ላይ ተጋድመው የሚንከባለሉበት የፎም ጥቅል፣ እጀታው ሽጉጥ የሚመስል የማሳጅ ማሽን፣ ጫማ ውስጥ የሚገባ የሲሊኮን ንጣፍ፣ ሶሉ ሦስት ጣት የሚወፍር ነጠላ ጫማ ወጣ። ካርቶኖቹ ላይ ሁሉ አንድ ቃል ተጽፏል፦ ሪከቨሪ። አትሌቶቻችንም ይህንኑ ቃል ነው የሚሉት። ልዩነቱ እነሱ ሪከቨሪ ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ መተኛት ማለታቸው ነው። እንቅልፍ ግን በካርቶን አይሸጥም።

ተጠራጣሪ ነኝ። ጠባዩን ያወረሰኝ የቀፊራ ገበያ ይመስለኛል። በዚያ ቅስት ባለው በር የገባ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «ከየት የገባ ነው?» ይላል። የጅቡቲ ነው? የዱባይ ነው? ወይስ እዚሁ ተሰፍቶ የውጭ ማርክ የተለጠፈበት ነው? ከተማዋ ራሷ ከጭነት ማራገፍ የተወለደች ናት። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ ሐረር እንዳይወጣ ተራራው አስቸገረውና እዚህ ሜዳ ላይ ቆመ፤ አዲስ አበባ ለመድረስ ሌላ 14 ዓመት ፈጀበት። በመካከሉ የድሬ ሰው የገባውን ሁሉ እያገላበጠ ማየት ተማረ። እኔም የሻንጣውን ዕቃ እንደዚያው አገላበጥኩት።

ካልሲው ከሁሉ የተከበረ የትውልድ ሐረግ አለው። በአሜሪካዋ ቶሌዶ ከተማ ይኖር የነበረ ኮንራድ ጆብስት የሚባል መሐንዲስ የእግሩ ደም ሥር ታሞ ይሠቃይ ነበር። መዋኛ ገንዳ ውስጥ ቆሞ ሲውል ግን እግሩ ይቀለዋል። ሌላ ሰው ቢሆን «ውሃ ይስማማኛል» ብሎ ዝም ይል ነበር፤ መሐንዲስ ነውና ለምን ብሎ ጠየቀ። ውሃ ወደ ታች በጠለቀ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል፤ ቁርጭምጭሚትን አጥብቆ ይይዛል፣ ወደ ጉልበት ሲወጣ ይላላል። ደሙም ወደ ላይ ለመመለስ አጋዥ ያገኛል። ጆብስት ይህንኑ የውሃ ግፊት በጨርቅ ለመሥራት ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ገደማ ከታች የሚጠብቅ ከላይ የሚላላው ካልሲ ተወለደ። ለታመመ ደም ሥር፣ ቆመው ለሚውሉ ሰዎች። ሯጮች ያገኙት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስለ ሩጫ የተደረጉ ጥናቶችም ጠንቃቃ ናቸው፦ ካልሲው ፍጥነት ይጨምራል ለማለት አይደፍሩም፣ የማግስቱን የባት ሕመም በጥቂቱ ሊያቀል እንደሚችል ግን ይቀበላሉ። በድሬ ሙቀት እሱን ማጥለቅ ራሱን የቻለ ልምምድ ነው። አጥልቄ ስጨርስ ሪከቨሪ የሚያስፈልገው ወገቤን ሆኖ አገኘሁት።

የማሳጅ ሽጉጡም እንዲሁ ከአንድ ሰው ሕመም የመጣ ነው። ጄሰን ወርስላንድ የሚባል አሜሪካዊ የአከርካሪ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2007 የሞተር ብስክሌት አደጋ ደርሶበት፣ ሕመሙ አልተወው ቢል ከአንድ የኤሌክትሪክ የእጅ መሣሪያ ቆርጦና ቀጥሎ ሠራው። ድምፁን ለሰማ ይህ አይገርምም። ማታ ስከፍተው የጎረቤት ልጅ ግድግዳውን አንኳኩቶ «ግንቡን ልትበሱት ነው?» አለኝ። ባቴ ላይ ሳሳርፈው ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ከጠፋ በኋላ ደስታው ምን ያህል እንደሚቆይ ካርቶኑ አይናገርም። የፎም ጥቅሉን በአጭሩ ልለፈው፦ ያማል፣ ከዚያ ሲተዉት ሕመሙ ስለሚቆም ያሻለ ይመስላል።

በረዶው ግን በዝርዝር መነገር አለበት። የአክስቴ ልጅ «ከሩጫ በኋላ እግርህን በረዶ ውሃ ውስጥ ንከር» ብሎ መከረኝ። ሚኒሶታ ውስጥ በረዶ በነፃ ይወርዳል። ድሬ ላይ በግንቦት፣ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲነካ፣ በረዶ ክብር ያለው ነገር ነው። ጁስ ቤት ሄጄ አንድ ፌስታል በረዶ ጠየቅሁ። ልጁ ሠርግ ያለን መስሎት ደስ አለው። «እግሬን ልነክርበት ነው» ስለው እየሞላ የነበረውን ፌስታል ይዞ ቆመ። «እግርህን? አቦ፣ ሰው ጠምቶት!» ወረፋ የያዙት ሁሉ እግሬን ዞረው አዩ። ያን ያህል የሚያሳፍር ዕይታ አላውቅም።

የበረዶ ምክር ከየት የገባ ነው? ብዙው የሚመጣው አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት የስፖርት ሕክምና መጽሐፍ ነው። የተጎዳን አካል አሳርፉ፣ በረዶ አድርጉበት፣ እሰሩት፣ ከፍ አድርጉት ብለው አራቱን በአንድ ምህጻር አሰሩት፤ አሠልጣኙም የመንደር ኳስ ተጫዋቹም ቃል በቃል ያዘው። ሰውዬው ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ተመልሰው፣ እብጠቱ ራሱ የጥገናው ሥራ ክፍል ስለሆነ በረዶና ፍጹም ዕረፍት ፈውስን ሊያዘገዩ ይችላሉ ብለው ጻፉ። ምክሩ ዓለምን ለመዞር ጥቂት ዓመታት በቁት፤ እርማቱ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። የጁስ ቤቱ ልጅ ሚርኪንን ሳያነብ ደርሶበታል።

ቀረኝ ነጠላ ጫማው። የዚህ ወፍራም ሶል ዘመዶች ብዙ ናቸው። ስፖንጁ ኢቪኤ የሚባል፣ በጥቃቅን የአየር ቋቶች የተሞላ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ብሩክስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1975 ለሩጫ ጫማ አገባው። እ.ኤ.አ. በ2002 ክሮክስ አንድ ወጥ ፎም ጫማውን ያወጣው ደግሞ ለጀልባ ሰዎች ነበር፤ አሁን ሆስፒታሉም ወጥ ቤቱም ያደርገዋል። ሶልን እስከዚህ ያሳበጡት ግን ፈረንሳዮች ናቸው፦ ሆካን እ.ኤ.አ. በ2009 የመሠረቱት ሁለት ሰዎች ከአልፕስ ተራራ ቁልቁል በፍጥነት ለመውረድ ሲሉ ሠሩት። ፈረንሳይ ለድሬ ሐዲድ አመጣች፣ ለዓለም እግር ደግሞ ፍራሽ።

ጫማውን አድርጌ ቀፊራ ገባሁ፤ ዕውቀት ያለው እዚያ ነውና። ከመኪና ጎማ በረባሶ የሚሠራ አንድ ሰው አለ። ዕድሜው የአባቴ ቢሆንም «አንተ» ነው የምለው፤ ድሬ ላይ አንቱታ ከዘመድ ያራርቃል። አውልቄ ሰጠሁት። በአውራ ጣቱ ተጫነው፣ ተመለሰ፤ እንደገና ተጫነው።

«ዳቦ ነው ይሄ» አለኝ።

«ለደከመ እግር ነው።»

«የኔ ጫማ» አለና የተቆረጠውን ጎማ አነሣ፣ «ሲሚንቶ የጫነ መኪና ተሸክሞ ጅቡቲ ደርሶ የተመለሰ ነው። አንተን አይችልም?»

መልስ አጣሁ። የሱ ጎማ ሶል ግን ከቀፊራ አልፎ ዓለምን አይቷል። ቤተልሔም ጥላሁን በ1990ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ላይ የመሠረተችው ሶልሬብልስ፣ ከዚሁ ከአሮጌ ጎማ ሶል የተነሣ ጫማ ሠርቶ ባሕር ማዶ ሸጧል። በረባሶ ሠሪው ይህን ስነግረው የጠየቀኝ «በስንት?» ብቻ ነው። ስነግረው ለረጅም ጊዜ ምንም አልቆረጠም።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሰው አበበ ቢቂላን ያነሣል፤ ያን ዕለትም ሚጥሚጣ የሚለካ ሰው ከጎን አነሣው። «አበበ በባዶ እግሩ አይደል ያሸነፈው? ምን ጫማ ጫማ ይላል!» እውነት ነው፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ 2:15:16 ሮጦ ወርቅ ወሰደ። የቀረቡለት ጫማዎች አልተመቹትም፤ ያልተመቸ ጫማ ከባዶ እግር እንደሚብስ ያውቅ ነበር። የማይነሣው ግን ተከታዩ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ አምስት ሳምንት ብቻ ቆይቶ፣ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ 2:12:11 ገባ። ከሮም በሦስት ደቂቃ ፈጠነ። ከገባ በኋላ ሣሩ ላይ ተጋድሞ እግሩን እያነሣ ጂምናስቲክ ሠራ። ዓለም በቴሌቪዥን ያየው የመጀመሪያው ታላቅ ሪከቨሪ ያ ሳይሆን አይቀርም፤ ዕቃውም ሣር ብቻ ነበር።

ባዶ እግሩን ግን ገበያው አልረሳለትም። ጣት ጣት ያለው ጫማ የሚሠራው ቪብራም «ቢኪላ» የሚል ሞዴል እ.ኤ.አ. በ2010 አወጣ፤ የአበበ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ኩባንያው ከዚያ በፊት ጫማው ለጤና ይሰጣል ባለው ጥቅም ምክንያት ከገዢዎች ቀርቦበት የነበረን ሌላ ክስ፣ ጥፋቱን ሳያምን 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ዘግቷል። ባዶ እግርን በጫማ ዋጋ መሸጥ ቀላል ሥራ አይደለም። በባዶ እግር መሄድ ደግሞ ግጥም የሚሆነው ለመረጠው ሰው ነው። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ዕድሜ ልካቸውን ያለ ጫማ ያረሱ ስንት ሰዎች ዝሆኔ ይዟቸው እግራቸው አብጧል።

ከበረባሶውና ከባዶው እግር ማዶ ደግሞ ትዕግስት አሰፋ አለች። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ 138 ግራም በሚመዝን፣ 500 ዶላር በሚሸጥ የአዲዳስ ጫማ 2:11:53 ሮጣ የሴቶችን የማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ቀነሰችው። አበበ ቶኪዮ ላይ ከገባበት ሰዓት በ18 ሰከንድ ይቀድማል። ይህን ለሚጥሚጣ ነጋዴው ብነግረው «እሷ ናት ወይስ ጫማው?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን ያንን ጫማ እኔ ባደርገው የደቻቱ አሸዋ የሚያውቀውን ያውቃል።

አያቶቻችን ሪከቨሪን ያለ ካርቶን ያውቁት ነበር። መንገደኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚቀርበው ሞቅ ያለ ውሃ ነው፤ የቤቱ ልጅ ቁጢጥ ብሎ ያጥባል፣ ይሻል፣ አጥቦ ሲጨርስ ይስማል። ወለም ያለው ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል፣ በቅቤ ይታሻል። ዛሬም ኳስ ተጫዋች ሜዳ ላይ ሲወድቅ ሬዲዮው «ወጌሻ ገባ» ይላል። ቀፊራ ውስጥ ደግሞ ሂና ትሸጣለች፤ ውስጥ እግር ሲያቃጥል ተለውሳ ትቀባለች፣ ታቀዘቅዛለች። ከዚያም የድሬ ከሰዓት አለ። ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ሱቁ ይዘጋል፣ ሽርጥ ይገለደማል፣ ፍራሹ ላይ ጋደም ይባላል፣ እግር በትራስ ከፍ ይላል። ከሚርኪን አራት ነጥቦች ሁለቱን ከተማው ሁሉ በየቀኑ ይፈጽማል፤ ያውም አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሮጥ።

ታዲያ ዕቃው ምን ሆነ? ወፍራሙን ነጠላ ጫማ ጠዋት ጠዋት አደርገዋለሁ። አያድንም፣ አያፈጥንም፤ ከአልጋ ስወርድ ተረከዜ ሲሚንቶውን ቶሎ እንዳያገኘው ያደርጋል፣ ይህም ዋጋ አለው። የማሳጅ ሽጉጡን ቀፊራ ጆንያ የሚሸከሙ ልጆች ለትከሻቸው ይዋሱታል፤ ቻርጅ አድርገው ስለሚመልሱ ከእኔ የተሻሉ ባለቤቶች ናቸው። የፎም ጥቅሉ በሩ እንዳይዘጋ ይይዛል።

ካልሲውን ግን አክስቴ ወሰደችው። ቀፊራ ቅመም ስትሸጥ ሠላሳ ዓመት ቆማለች፤ ማታ ቁርጭምጭሚቷ ያብጣል፣ የባቷ ደም ሥር ይወጣጠራል። ጤና ጣቢያ ቆመሽ አትዋይ፣ ካልሆነም እግር የሚይዝ ካልሲ አድርጊ ብለዋት ነበር፤ የት ተገኝቶ። የኔን ስታየው ቀማችኝ። መጀመሪያ ለሐኪሟ አሳይታ፣ ይሁን ከተባለች በኋላ፣ ጠዋት ከመነሣቷ በፊት ተኝታ ታጠልቀዋለች። ማታ ጫማዋ አይጠብባትም። ልጇ ከሚኒሶታ ሲደውል ስልኩን ነጥቃ፣ «ሽቶውን ተወው አንተ» አለችው። «ካልሲ ላክ። ሁለት። ይሄ ብርቱካናማው ያሳፍራል፤ ጥቁር ይሁን። ከጎኔ በርበሬ የምትሸጠውም ቁጥሯ 39 ነው።»