ከቤት ሳይወጡ ወደ ዘጌ መሄድ

ሰው የዕለት ሥራውን ፈጽሞ ወደ ቤቱ በሚመለስበት ሰዓት፤ እግሩ ከደጃፉ ቢደርስም ልቡናው ገና ከመሥሪያ ቤቱ አልወጣም። ያላለቀው ደብዳቤ፤ የባለጉዳዩ ጩኸት፤ ከአለቃው የሰማው ቃል ሁሉ አብረውት ይገባሉ። ልጆቹም ፊቱን አይተው ጨዋታቸውን ይተዋሉ፤ የቤቱም እመቤት ልትነግረው ያሰበችውን ለነገ ታሳድረዋለች። ይህ በብዙ ቤት የሚታይ ነገር ስለ ሆነ፤ ከመግባት አስቀድሞ ልቡናን ለጥቂት ደቂቃ በሌላ ስፍራ ስለ ማሳረፍ ልንጽፍ ወደድን። በዛሬው ዘመን በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሐኪሞች እንኳ፤ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሕመምተኛ ፍርሃቱ እንዲቀልለት ዐይኑን ጨፍኖ ጸጥ ያለ ስፍራ እንዲያስብ ያደርጉታል።

ነገር ግን «ጸጥ ያለ ስፍራ አስብ» የተባለ ሰው አስቀድሞ የሚያቆመው ሥዕል ነው፤ ዐይን ብቻ ያቆመው ሥዕልም ቶሎ ይጠፋል። ጆሮና አፍንጫ የያዙት ግን ይቈያል። ስለዚህ አንባቢዎቻችንን ወደ ዘጌ እንወስዳለን።

ዘጌ በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳር፤ ሦስት ወገኗ በውሃ የተከበበ፤ በደን የተሸፈነች ምድር ናት። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ እኛ ግን በሐሳብ የምንሄድ ነንና ከደንገል የታሰረውን ታንኳ እንመርጣለን። ሐይቁ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ተኛ የማለዳው አየር ይበርዳል። በደንገሉ መካከል ሰርጎ የሚገባው ውሃ ልብስን ያረጥባል። መቅዘፊያው ውሃውን ሲነካ ይሰማል፤ ከዚያ ዝም ይላል፤ ደግሞ ይሰማል። ትንፋሻችንም ሳናዝዘው ከዚሁ ጋራ ይተካከላል።

ከታንኳው ወርደን ከዛፎቹ ጥላ ስንገባ፤ አስቀድሞ የሚገርመን የማይሰማው ነገር ነው። የጅራፍ ድምፅ የለም፤ በሬውን የሚጣራ ገበሬ የለም፤ የላም እምቧታም የለም። በዘጌ ማረስና ከብት ማርባት በቆየው ሥርዓት የተከለከለ ነውና፤ ይህም ሥርዓት ከአቡነ በትረ ማርያም እንደ ወረደ ይነገራል። ሕዝቡ ቡናና ጌሾ ተክሎ ኖረ፤ ቡናውም ጥላ ስለሚሻ ታላላቆቹ ዛፎች ቆሙለት። እንግዲህ ያ ጸጥታ እንዲያው የተገኘ ሳይሆን ሰዎች የጠበቁት ነው።

ቈይተን ስናዳምጥ የዋኖስ ማንጎራጎር ይመጣል፤ ጦጣ ስትዘል ቅርንጫፍ ይንሿሿል፤ ከሩቅ ቤትም ቡና የሚወቅጥ ሙቀጫ ይሰማል። ከእግር በታች ያለው የረጠበ ቅጠል ይሸታል። ከደረቁ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ቡናው ነጭ አበባ ያወጣል፤ ሽታውም ደኑን ሁሉ ይሞላል፤ በጥቂት ቀንም ይረግፋል። ሽቱ ከባሕር ማዶ የሚያስመጡ ሰዎች ይህን አሽትተውት ያውቁ ይሆን? ፍሬው የቀላ እንደ ሆነ ደግሞ አንዱን ቀጥፎ ልጣጩን መምጠጥ ነው፤ ትንሽ ይጣፍጣል።

በዐይን ብቻ ማመን እንዴት እንደሚያታልል ይኸው ሐይቅ ያስረዳል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 እንቦጭ የሚባለው መጤ አረም በጣና ላይ ታየ። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ከሩቅ ለሚያየው የተነጠፈ ምንጣፍ ይመስላል፤ ያማረም ነው። ጆሮ ግን ወዲያው ያውቀዋል፤ አረሙ በተነጠፈበት ስፍራ ታንኳ ማለፍ ይሳነዋልና የመቅዘፊያ ድምፅ አይሰማም። ዓሣ አጥማጁም መረቡን የሚጥልበት ያጣል። ሐይቁና ዙሪያው በ2015 በዩኔስኮ የተጠበቀ የሕይወት ክልል ተብሎ ተመዝግቧል፤ አረሙን ግን በየዓመቱ በእጁ የሚነቅለው የዳርቻው ገበሬ ነው።

ወደ ቤታችን ነገር እንመለስ። አባት ከመኪናው ሳይወርድ አምስት ደቂቃ ዐይኑን ጨፍኖ በታንኳው ላይ ቢቀመጥ ይበቃዋል፤ ከውሃው ድምፅ ይጀምር እንጂ ከመልኩ አይጀምር። ልጆችንም ማታ ከመተኛታቸው በፊት፤ «አሁን የት ነህ? ምን ይሸትሃል?» ብሎ መጠየቅ መልካም ነው። ሐይቅ አይቶ የማያውቅ ልጅ የአያቱን ጓሮ ይመርጥ ይሆናል፤ የጤናዳሙን ሽታ፤ የዶሮዋን መጫር፤ በቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ። እሱንም ዘጌ ካልሄድህ አንለውም።