ሙልሙልና ምርቃት

በኢትዮጵያ ልማድ ልጅ በሰው ደጅ ቆሞ ዳቦ ቢጠይቅ የማይነቀፍበት አንድ ዕለት አለ፤ ይኸውም ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው የደብረ ታቦር በዓል፣ በሕዝቡ አነጋገር ቡሄ የሚባለው ነው። የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ በእመቤታችን ስም የሚለምነው ቸግሮት ነው፤ የቡሄ ልጅ ግን በቤቱ እንጀራ ሳያጣ ከሰው ደጅ ይቆማል። ስለዚህ ነገሩ ልመና አይደለም። ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት የአንዲት ትንሽ ከተማ ትዝታ ይበቃል።

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚሄድ መንገደኛ መልካሳ ላይ አዋሽን ተሻግሮ ጥቂት እንደ ተጓዘ ደራን ያገኛል። በዚያች ከተማ ተወልዶ ያደገ፣ ዛሬ ጠጕሩ ሸብቶ በአዳማ የሚኖር አንድ ሰው ልጅነቱ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስታውሰው የነሐሴን ወር ነው። ገና ፍልሰታ ሲገባ ልጆች ጅራፍ መግመድ ይጀምራሉ፤ ቃጫ ያገኘ በቃጫ፣ ያላገኘም በዛፍ ልጥ ይገምዳል። ማታ ማታም የጅራፉ ድምፅ ከሰፈር ወደ ሰፈር ይመላለሳል። ይህ ድምፅ በታቦር ተራራ ከደመናው ውስጥ በተሰማው በአብ ቃል ይመሰላል፤ ሙልሙሉና ችቦውም፣ በዚያች ሌሊት ከብርሃኑ የተነሣ ገና ያልመሸ መስሏቸው በሜዳ ለቆዩት እረኞች ወላጆቻቸው ይዘውላቸው የወጡት ዳቦና ችቦ መታሰቢያ ነው ይባላል። ልጁ ግን ይህን ትርጓሜ የሰማው ዘግይቶ ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚያውቀው እናቱ የስንዴውን ሊጥ አሞልሙላ፣ ጾም ስለ ሆነም ቅቤ ሳታስነካ፣ ከደጇ ለሚመጣ ልጅ ሁሉ አንድ አንድ እንዲደርሰው አድርጋ መጋገሯን ነበር።

በአንድ ዓመት ዝናብ አጥሮ እህል ተወደደ። ቡሄ ሲደርስ ስምንት የሚሆኑ ልጆች በትራቸውን መሬት ለመሬት እየደሰቁ፣ አንዱ እያወጣ ሌሎቹ እየተቀበሉ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ሰፈሩን ዞሩ። ጥጥ ፈትለው ከሚተዳደሩ አንዲት ባልቴት ደጅ በደረሱ ጊዜ ሴትዮዋ ብቅ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ዘንድሮ ዱቄት የለኝም። ቢሆንም ደጄን ዘላችሁ አትለፉ፤ እንደ ሰው ሁሉ ጨፍሩልኝ» አሏቸው።

ከልጆቹ አንዱ ሳይሰጡን እንዴት እንጨፍራለን ብሎ አጕረመረመ። አውጪው፣ ዕድሜው ከዐሥራ ሦስት የማይበልጥ ልጅ፣ መልስ ሳይሰጠው በትሩን አንሥቶ ጀመረ፤ ከግጥሙም አንዲት ሳያጐድል እስከ መጨረሻው አወጣ፤ ዓመት ዓመት ያድርስዎ ብሎም መረቃቸው። ከዚያ ከከረጢቱ ሁለት ሙልሙል አውጥቶ፣ «እማማ፣ ከኛ በኋላ የሚመጡ ልጆች አሉ፤ ለእነርሱ ይስጧቸው» አለ። ሴትዮዋ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ልጆቹ ሁለት ቤት ያህል እንደ ራቁ ሌላ ጭፍራ መጣ፤ ባልቴቲቱም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ኑ ልጆቼ፣ ኑ፣ ሙልሙል አለ» እያሉ ሲጠሩ ተሰማ።

ያ አውጪ ይብሉት ብሎ ሰጥቶ ቢሆን ምጽዋት በሆነ ነበር። እርሱ ግን ለሴትዮዋ የመለሰላቸው ሰጪ የመሆንን ክብር ነው።

ይህን የመሰለ ልማድ በሌላም አገር ነበረ። በእንግሊዝ አገር በመካከለኛው ዘመን፣ የቅዱሳን ሁሉ በዓል በሚከበርበትና በማግሥቱ ሙታን በሚታሰቡበት ጊዜ፣ ድሆችና ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ሙታን ጸሎት ያደርሱ፣ በምላሹም የነፍስ ኬክ የሚባለውን ትንሽ ዳቦ ይቀበሉ ነበር። ዛሬ በአሜሪካ ኦክቶበር 31 ቀን ማታ፣ ሃሎዊን በተባለው በዓል፣ ልጆች ጭምብል አጥልቀው ከረሜላ ሲሰበስቡ ጸሎቱ ቀርቷል፤ በቦታውም የጨዋታ ዛቻ ገብቷል። ልጁ በር አንኳኩቶ የሚለው ስጡኝ፣ አለዚያ ተንኰል እሠራለሁ ነው።

በኢትዮጵያ ከተሞችም በሙልሙል ፈንታ ብር መስጠት በዝቷል። ያ የደራ ሰው በአዳማ ከአንድ ሱቅ ፊት የሚጨፍሩ ልጆች ቆሞ ሲመለከት፣ ባለሱቁ ብሩን ከኪሱ እንዳወጣ ጭፈራው በመካከል ተቋረጠ፤ ምርቃቱም ሳይደርስ ልጆቹ ብሩን መቍጠር ያዙ። ለልጅ ብር መስጠት ክፉ ሆኖ አይደለም። ነገር ግን ብር በማናቸውም ቀን ከኪስ ይገኛል፤ ሙልሙል የጋገረ ሰው ግን አስቀድሞ ልጆቹን አስቧል፤ ከደጁም እስኪመጡ ድረስ ይጠብቃቸዋል።

ስለዚህ የቤት ባለቤት ሁሉ በየዓመቱ ለነሐሴ 13 ጥቂት ሙልሙል ማስጋገር አይከብደውም። በጎረቤቱም ለመጋገር አቅም ያጣ ቤት እንዳለ ቢያውቅ፣ በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ዱቄቱን በዝምታ ይላክ፤ ልጆች በዚያም ደጅ ቆመው ይጨፍሩ ዘንድ።